ተዳፍነዋል እንጂ አልሞቱም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ የሳይንስ ገጽ ላይ ስለ ትንንሽ ጋላክሲዎች የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ። ስለ ሰማይ የሚጽፍ ጋዜጣ እንደ ልብ ስለማይገኝ መጀመሪያ እጃችሁ ይባረክ ልበል። ርዕሱ ግን አልተዋጠልኝም። "የሞቱት ጋላክሲዎች" ይላል። ውስጡም ነገሩን በሦስት መስመር ዘግቶታል፦ ድንክ ጋላክሲዎች ጋዝ የላቸውም፤ ጋዝ በሌለበት ኮከብ አይወለድም፤ ስለዚህ ሞተዋል። አለቀ ደቀቀ።

ኧረ አላለቀም!

እዚህ ላይ ልናዘዝ። ሙያዬ ሌላ ነው፤ ሰማይን የምከታተለው በትርፍ ሰዓቴ ነው። እኔም ከዓመታት በፊት ጓደኞቼን ሰብስቤ ይህንኑ ነገር፣ ቃል በቃል ማለት ይቻላል፣ በሙሉ ልብ አስረድቻቸዋለሁ። ማንም አልተከራከረኝም። እኔም ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ ገባሁ። ነገሩ እንደዚያ እንዳልሆነ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ጸሐፊያችሁን ብቻ ሳይሆን ራሴንም እያረምኩ እንደሆነ ቁጠሩልኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ አትቀይሩብኝ።

በመጠኑ እንጀምር። የእኛ ጋላክሲ ፍኖተ ሐሊብ ከ100 ቢሊዮን በላይ ከዋክብት አሏት። ድንክ የሚባሉት ከጥቂት ቢሊዮን ይጀምሩና እየወረዱ እየወረዱ ሄደው፣ ጥቂት ሺህ ከዋክብት ብቻ ካሏቸው ላይ ይደርሳሉ። ሴጉ 1 የምትባል አለች፣ ከእኛ 75 ሺህ የብርሃን ዓመት ገደማ ርቃ። ጠቅላላ ብርሃኗ ከጥቂት መቶ ፀሐዮች አይበልጥም። ሙሉ ጋላክሲ እኮ ነው የምላችሁ! አንዳንድ ነጠላ ኮከብ ብቻውን ከሷ ይበልጥ ያበራል። እንግዲህ "ድንክ" ብለን በአንድ ስም በምንጠራቸው መካከል የሚሊዮን እጥፍ ልዩነት አለ። ሁሉንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ገድሎ መቅበር ትንሽ ይከብዳል።

ወደ ጋዙ ልምጣ። "ጋዝ የላቸውም" የሚለው ለአንዳንዶቹ እውነት ነው። ፍኖተ ሐሊብ አጠገብ ተጠግተው የሚዞሩት፣ ትልቁና ትንሹ የማጄላን ደመና የሚባሉት ሁለት ጋላክሲዎች ሲቀሩ፣ እውነትም ባዷቸውን ናቸው። ራቅ ብለው ብቻቸውን የሚኖሩት ግን ጋዝ አላቸው። ሊዮ ቲን ውሰዱ። በ2007 የታወቀች፣ 1.4 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ላይ ያለች ሚጢጢ ጋላክሲ ናት። የሃይድሮጅን ጋዟ ክብደት ወደ 400 ሺህ ፀሐይ ይጠጋል። ከዋክብቷ ሁሉ ቢደመሩ ይህን አያክሉም። ፍኖተ ሐሊብ በቢሊዮን የሚቆጠር ፀሐይ የሚመዝን ጋዝ ስላላት ከሷ ጋር ስትተያይ ሊዮ ቲ የነጣች ድሃ ናት። ከራሷ ከዋክብት ጋር ስትተያይ ግን ጋዝ ተርፏታል። ደግሞ አልቦዘነችም፤ ውስጧ ጥቂት መቶ ሚሊዮን ዓመት ብቻ የሆናቸው ከዋክብት አሉ። በሰማይ ሒሳብ ይህ የትናንት ነው።

ታዲያ ጋዝ እያላቸው ምነው ከዋክብታቸው አነሱ? ጋዙ አልበርድ እያለ ነው።

ኮከብ የሚወለደው ከቀዝቃዛ ጋዝ ነው። ይሄ መጀመሪያ ሲነገረኝ አልገባኝም ነበር፣ ምክንያቱም ኮከብ ሲባል እሳት ነው የሚታየኝ። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ጋዝ ሲሞቅ ቅንጣቶቹ ይሯሯጣሉ፣ ይገፋፋሉ፣ ደመናው ይነፋል። ስበት ሊሰበስበው ይሞክራል፣ ሙቀቱ ይበትነዋል። ስበት የሚያሸንፈው ደመናው በጣም ሲበርድና ሲጠጋጋ ነው። በጣም ስል ከዜሮ በታች ወደ 260 ዲግሪ ሴልሺየስ ማለቴ ነው። እዚያ ሲደርስ ደመናው የራሱን ክብደት መሸከም ያቅተውና ወደ ውስጥ ይደረመሳል፣ ይቆራረጣል፣ እያንዳንዱ ቁራጭ እየጠበበ መሃሉ እየጋለ ሄዶ ኮከብ ይሆናል። እሳቱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ጋዝ እንዲበርድ ሙቀቱን በብርሃን መልክ ወደ ውጭ መትፋት አለበት። ሃይድሮጅን ብቻውን ለዚህ ሥራ እምብዛም አይረባም። ሥራውን የሚሠሩለት ካርቦን፣ ኦክስጅንና አቧራ ናቸው። አቧራው ሌላም ውለታ አለው። የሃይድሮጅን አተሞች ጥንድ ጥንድ ሆነው ሞለኪውል የሚሠሩት በአብዛኛው የአቧራ ቅንጣት ላይ ተለጥፈው ነው። ከተጣመሩም በኋላ አልትራቫዮሌት ብርሃን መጥቶ እንዳይበታትናቸው ጥላ የሚሆናቸው ይኸው አቧራ ነው። አሁን ደግሞ ካርቦኑን፣ ኦክስጅኑን፣ አቧራውን ማን ሠራው በሉ። ቀድሞ የኖረ ኮከብ ነዋ! አዙሪቱ ታያችሁ? ኮከብ ለመውለድ ቅዝቃዜ ያስፈልጋል፣ ለቅዝቃዜው ካርቦንና አቧራ ያስፈልጋል፣ ካርቦንና አቧራ ለማግኘት ደግሞ ቀድሞ ኮከብ መውለድ ያስፈልጋል። ብዙ ያላት ጋላክሲ ይጨመርላታል። ድሃዋ ከእጅ ወደ አፍ ትኖራለች።

ይህ በዓይን የታየ ነገር ነው። ደብሊው ኤል ኤም የምትባል ድንክ ጋላክሲ አለች፣ 3 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ላይ፣ ብቻዋን። የኦክስጅን ድርሻዋ የፀሐይን 13 በመቶ ያህል ነው። ቀዝቃዛ የሃይድሮጅን ሞለኪውል ራሱ ብርሃን ስለማይሰጥ ጠበብቱ የሚፈልጉት አብሮት የሚኖረውን ካርቦን ሞኖክሳይድን ነው፣ ሌባውን በጫማው ዱካ እንደ መከተል። ደብሊው ኤል ኤም ውስጥ ዱካው ለብዙ ጊዜ ጠፍቶ ቆየ። በ2013 ተገኘ። በ2015 ደግሞ ቺሊ በረሃ ላይ የተተከሉት የአልማ አንቴናዎች ጠጋ ብለው ሲያዩ 10 ትንንሽ ደመናዎች አገኙ። የእያንዳንዳቸው ራዲየስ በአማካይ 6 የብርሃን ዓመት ተኩል፣ ክብደታቸው ደግሞ 2 ሺህ ፀሐይ ገደማ ነው። እኛ ጋላክሲ ውስጥ ትልልቆቹ ደመናዎች በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ፀሐይ ይመዝናሉ። የደብሊው ኤል ኤም ግን ፍርፋሪ ናት፣ በሰፊ የሃይድሮጅን ባሕር ውስጥ የተበተነች ፍርፋሪ። ግን በርዳለች፣ ጠብቃለች፣ ኮከብ ለመሆን የምትችል ናት። ከዙሪያዋ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በአልትራቫዮሌት ተበታትኖ የቀረው እምብርቱ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ነው "አልታየም" እና "የለም" የሚሉት ሁለት ቃላት የሚለያዩት፣ ጸሐፊያችሁ ግን አንድ አድርገዋቸዋል።

አሁን ወደ ምወዳት ልምጣ።

ሊዮ ፒ ትባላለች። ሊዮ ማለት ያው የእኛው አሰድ ነው፣ ህብረ ኮከቡ። ከ5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ ትርቃለች። መጀመሪያ የተገኘችው በዓይን ሳይሆን በሬዲዮ ነው። ፖርቶ ሪኮ ላይ የነበረው የአሬሲቦ ቴሌስኮፕ (በ2020 ተደርምሷል፣ ነፍሱን ይማር) የሃይድሮጅን ሞገድ እየለቀመ ሰማዩን ሲያስስ አንድ ትንሽ የጋዝ ጉብታ አገኘ። ቦታው በተራ ቴሌስኮፕ ሲታይ ከዋክብት አሉበት። በ2013 ይፋ ሆነ። "ፒ" የምትለው ፊደል "ያልተነካች" ከሚል የእንግሊዝኛ ቃል የመጣች ናት፣ ምክንያቱም የኦክስጅን ድርሻዋ የፀሐይን 3 በመቶ ብቻ ያህላል። ከላይ ባልኩት ሒሳብ ይህች ጋላክሲ ኮከብ መውለድ አልነበረባትም።

ትወልዳለች ግን። መሃሏ አካባቢ አንድ የሚያበራ የጋዝ ደመና አለ። አንድ ብቻ። የሚያበራውም አንድ ትኩስ ኮከብ ነው፣ ከፀሐይ 20 እጥፍ አካባቢ የሚከብድ። እንዲህ ያለ ኮከብ ዕድሜው 10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ አሁን እዚያ አለ ማለት በቅርቡ ተወልዷል ማለት ነው። ሌላ ትርጉም የለውም።

እስቲ ሒሳብ እንሥራ። የሊዮ ፒ ከዋክብት ሁሉ ቢመዘኑ 560 ሺህ ፀሐይ ገደማ ናቸው። ዕድሜዋ 13 ቢሊዮን ዓመት ነው እንበል። አካፍሉት። በአማካይ አንድ ፀሐይ የሚመዝን ኮከብ በየ23 ሺህ ዓመቱ ወልዳለች ማለት ነው። ፍኖተ ሐሊብ ይህንኑ የምታደርገው በየዓመቱ ነው፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። አሁን ደግሞ ሊዮ ፒ የቀራትን ጋዝ ተመልከቱ፣ 800 ሺህ ፀሐይ አካባቢ ይሆናል። በዚህ ፍጥነት ከሄደች ጋዙን ለመጨረስ ጽንፈ ዓለሙ እስከ ዛሬ ከኖረው ዕድሜ በላይ ያስፈልጋታል። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለሷ ይመስለኛል። ይህችን ነው "ሞታለች" የምትሉኝ?

እርግጥ በቀስታ ስል በአንድ ወጥ እርምጃ አይደለም። የትንሽ ጋላክሲ ኑሮ ይቆራረጣል። ምክንያቱ ሱፐርኖቫ ነው። ከባድ ኮከብ ሲፈነዳ ጋዙን ለመግፋት የሚያወጣው ጉልበት ብቻውን ፀሐይ በ10 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜዋ የምታፈሰውን ብርሃን ሁሉ ያህላል። ፍኖተ ሐሊብ ውስጥ ይህ ቢከሰት ሰፈሩ ይናወጣል፣ ጋላክሲዋ ግን ከቁብም አትቆጥረው። ትንሿ ጋላክሲ ውስጥ ግን ስበቱ ደካማ ነው፤ በሰከንድ ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ጋዝ ከናካቴው ሊያመልጣት ይችላል። አንድ ፍንዳታ፣ ሁለት ፍንዳታ፣ በቃ ጋዙ ሙቆና ተበትኖ ልደቱ ይቆማል። ከዚያ የተገፋው ጋዝ ከፊሉ ቀስ ብሎ ይመለሳል፣ ይበርዳል፣ ይጠጋጋል፣ እንደገና ይጀመራል።

ዕድል የሚባለው ነገርም እዚህ ይገባል። በግምት 100 ፀሐይ የሚመዝን ጋዝ ወደ ከዋክብት ሲለወጥ ከመካከላቸው አንዱ የሚፈነዳ ይሆናል። ትልቅ ጋላክሲ ውስጥ ይህ አማካይ ሁልጊዜ ይሠራል። እንደ ሊዮ ፒ ያለች ውስጥ ግን 100 ፀሐይ ለመሙላት ከ2 ሚሊዮን ዓመት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ዛሬ ከባድ ኮከብ ይኑር አይኑር የሚወስነው ዕጣ ነው ማለት ይቻላል። ይህን ያዙልኝ፣ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ፊኒክስ የምትባለውን ብታዩ ደግሞ ትገረማላችሁ። መጀመሪያ በ1976 ስትገኝ የከዋክብት ክምችት እንጂ ጋላክሲ አልመሰለቻቸውም ነበር። ከዋክብቷ አንድ ቦታ ናቸው፣ ጋዟ ደግሞ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ተቀምጧል፣ ቤቱን ጥሎ ደጅ እንደወጣ ሰው። ከ100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ግን ኮከብ ስትወልድ ነበር። ጋዙ ይመለስ ይሆን? ስበቷ ይወስናል። ካሪና የምትባለው የእኛ ጎረቤት ደግሞ ከዋክብቷ በዕድሜ ሲደረደሩ በአንድ ጊዜ የተወለዱ አይደሉም፣ ቀስ እያሉ ያለማቋረጥ የመጡም አይደሉም፤ በደረጃ በደረጃ፣ በመካከሉ በቢሊዮን ዓመታት የሚቆጠር ዝምታ እያለ የመጡ ናቸው። በዚያ ዝምታ መሃል ያያት ሰው ቢኖር ምን ይል ነበር? ሞታለች ይል ነበር። እኔም እል ነበር።

ትልቁ ዝምታ ግን ገና ከጠዋቱ የመጣው ነው። ከታላቁ ፍንዳታ በኋላ በመጀመሪያው 1 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ፣ የመጀመሪያዎቹ ከዋክብትና ጋላክሲዎች ያፈለቁት አልትራቫዮሌት ብርሃን በመላው ጠፈር ያለውን ሃይድሮጅን ኤሌክትሮኑን እየገፈፈ ወደ 10 ሺህ ዲግሪ አሞቀው። 10 ሺህ ዲግሪ የደረሰ ሃይድሮጅን ቅንጣቶቹ በሰከንድ 10 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሮጣሉ። የትንሿ ጋላክሲ ስበት የሚይዘው ደግሞ ያንኑ ያህል ነው፣ ቢበዛ ትንሽ ከፍ ያለ። ስለዚህ ጋዙ እምቢ አለ። አልሰበሰብ አለ። የሀብል ቴሌስኮፕ ፍኖተ ሐሊብ አጠገብ ያሉ ስድስት እጅግ ደብዛዛ ጋላክሲዎችን አንድ በአንድ ሲመረምር አብዛኞቹ ከዋክብታቸው የተወለዱት በዚያ የጥንት ዘመን ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ በራቸው ተዘጋ። ጸሐፊያችሁ የጠቀሱት ይህን ይመስለኛል፣ እውነትም ነው። ስህተቱ ከስድስቱ ተነስቶ ሁሉንም መቅበሩ ላይ ነው።

ሊዮ ፒ እንዲያ አልሆነችማ! የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ እያንዳንዱን ኮከቧን ለይቶ ካየ በኋላ በ2024 የወጣው ውጤት እንዲህ ይላል፦ ጥንት ከዋክብት ወልዳለች፣ ከዚያ ለጥቂት ቢሊዮን ዓመታት ጸጥ ብላለች፣ ከዚያ እንደገና ጀምራለች። እስከ ዛሬም አላቆመችም። ይህን ሳነብ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ቢሊዮን ዓመት የሚቆጠር ዕረፍት ወስዶ ተመልሶ ሥራ የሚገባ ማን አለ? እሳት ተዳፍኖ ያድራል፤ አመዱን ብቻ ያየ ሰው ጠፍቷል ብሎ ይሄዳል። እዚህ የሆነው እንደዚያ ነው። የሚታሰበው በጊዜ ብዛት ስበቷ እየጠነከረ ሄዶ የሸሸው ጋዝ ተመልሶ መርጋት ቻለ የሚል ነው። ደግሞ ብቻዋን ናት፣ ጋዟን የሚነጥቃት ጉልበተኛ ጎረቤት የለባትም። ፍኖተ ሐሊብ ዙሪያዋን የከበባት በጣም ሙቅና ስስ ጋዝ አለ። ትንሽ ጋላክሲ በሰከንድ መቶዎች ኪሎ ሜትር እየበረረች በዚያ ውስጥ ስታልፍ ነፋስ ፊት እንደቆመ ሰው ጋዟ ከላይዋ ይገፈፋል። የእኛዎቹ ጎረቤቶች ባዶ የሆኑት በአብዛኛው በእኛው በራሳችን ጋላክሲ ጦስ ነው ማለት ነው። በመጠን ልክ እንደነሱ የሆነች፣ ግን ርቃ የኖረች፣ ጋዟን ይዛ ቀረች።

ሌላም መንገድ አለ፣ እሱን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ከአንድሮሜዳ ጋላክሲ አጠገብ ኤንጂሲ 147 እና ኤንጂሲ 185 የሚባሉ ሁለት ድንኮች አሉ። በሰማይ ላይ ጎን ለጎን ናቸው፣ በመጠንም ይቀራረባሉ፣ መንታ ብትሏቸው አታፍሩም። ዋልተር ባዴ የተባለው ሊቅ በ1944 ሁለቱንም ወደ ነጠላ ከዋክብት ለይቶ ማየት ችሏል። ጊዜው የዓለም ጦርነት ነበር፣ ሎስ አንጀለስ መብራት አጥፍታ ሰማዩ ጨልሟል፣ እሱ ደግሞ ጀርመናዊ ስለነበረ ለጦርነቱ ሥራ ሳይፈለግ ከቴሌስኮፑ ጋር ቀረ። እንዲህም ያለ ዕድል አለ። ባዴ ኤንጂሲ 185 መሃል ላይ ደማቅ ሰማያዊ ነገሮች አየ። ሰማያዊ ማለት ወጣት ማለት ነው። አሮጌ ብቻ መሆን ባለባት ጋላክሲ ውስጥ! ዛሬ እዚያ አቧራም፣ ጥቂት ቀዝቃዛ ጋዝም እንዳለ እናውቃለን። የሃይድሮጅኗ ክብደት ከከዋክብቷ ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም፤ የጋዝ ድሃ የሚባለው ስም በትክክል የሚገባው ለሷ ነው። አብዛኛው ጋዝ የመጣው ከራሷ ከሚያረጁት ከዋክብት ነው ተብሎ ይታሰባል። ያረጀ ኮከብ ላዩን እየቀረፈ ይለቃል፣ ፀሐያችንም ጊዜዋ ሲደርስ የክብደቷን ግማሽ ያህል ትለቃለች። የተለቀቀው መሃል ላይ ይጠራቀማል፣ ከአቧራውና ከካርቦኑ ጋር ነውና የሚመጣው በቀላሉ ይበርዳል፣ ከዚያም ጥቂት አዳዲስ ከዋክብት ይወጡበታል። ከውጭ አንዲት ጠብታ ሳትለምን።

መንታዋ ኤንጂሲ 147 ግን ጋዝ አልተገኘባትም። እሷ ከአንድሮሜዳ ጋር ሳትጓተት አልቀረችም፣ ከዋክብቷ እንደ ጭራ በሁለት በኩል ተጎትተው ይታያሉ። መጠን አንድ፣ ሰፈር አንድ፣ ዕጣ ሁለት። "ድንክ ስለሆነች ሞተች" የሚለው እዚህ ጋር ምን ሊል ነው?

አሁን ፍትሐዊ ልሁን። እውነት ያበቃላቸው አሉ። ስከልፕተር አለች፣ ሃርሎው ሻፕሊ በ1938 ያስታወቃት፣ ከዋክብቷ አሮጌ፣ ጋዝ የሚባል የሌላት። ሴጉ 1 አለች። እነዚህ ከእንግዲህ ይወልዳሉ ብዬ አልከራከርም። ፎርናክስን ግን ከነሱ ጋር አትደባልቁብኝ። በዚያው 1938 የታወቀች ጎረቤታቸው ናት፣ ዛሬ እንደነሱ ባዶ ናት፣ ነገር ግን እስከ ጥቂት መቶ ሚሊዮን ዓመት በፊት ድረስ ኮከብ ስትወልድ ነበር። ጽሑፋችሁ ሦስቱንም በአንድ ሥዕል መግለጫ ሥር አስቀምጧቸዋል።

በነገራችን ላይ የተቃራኒው ስህተትም ተፈጽሟል። አይ ዝዊኪ 18 የምትባል፣ ወደ 60 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት የምትርቅ ድንክ ጋላክሲ ነበረች፣ አለችም። ካርቦንና ኦክስጅን በጣም ስለሚያንሳት፣ የምታበራውም በሰማያዊ ወጣት ከዋክብት ስለሆነ፣ አራስ ናት ተባለላት። ገና ከ500 ሚሊዮን ዓመት ያነሰ ዕድሜ ያላት ጨቅላ ጋላክሲ ተብላ ብዙ ተወራላት። በ2007 ሀብል ጠጋ ብሎ ሲያይ ከ1 ቢሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ደብዛዛ ከዋክብት ውስጧ ተደብቀው አገኘ። አንዷን አርጅታ ሳለ አራስ፣ ሌላዋን ሳትሞት ሬሳ። ደብዛዛውን ለማየት ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ያን ያህል ነው።

እና የማየቱ ነገር ላይ ነው የምጨርሰው፣ ምክንያቱም ጸሐፊያችሁ "በምልከታ ተረጋግጧል" ብለዋል። በምን ዓይነት ምልከታ? ኮከብ እየተወለደ ነው አይደለም ለማለት ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ ሃይድሮጅን ሲግል የሚሰጠውን ቀይ ብርሃን መፈለግ ነው። ያን ብርሃን የሚያመጡት ግን እጅግ ከባዶቹና እጅግ ትኩሶቹ ከዋክብት ብቻ ናቸው፣ እነሱ ደግሞ 10 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ኖረው ይሄዳሉ። ጋላክሲዋ ትንንሾቹን ብቻ ወልዳ ከሆነ ቀዩ ብርሃን የለም። አልትራቫዮሌት የሚያይ መሣሪያ፣ ከ2003 እስከ 2013 የሠራውን ጋሌክስን የመሰለ ማለቴ ነው፣ እስከ 100 ሚሊዮን ዓመት ድረስ ወደ ኋላ ያሉትን ያሳያል፣ እና ያኔ ብዙ ዝም ያሉ የሚመስሉ ድንኮች ሕይወት እንዳላቸው ታወቀ። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ እያንዳንዱን ኮከብ ለይቶ መቁጠር ነው፣ ሀብልና ጄምስ ዌብ እንዳደረጉት፣ ያ ግን የሚቻለው ለቅርቦቹ ነው። በየትኛው እንዳዩ ሳይጽፉ "ሞተዋል" ማለት የልብ ትርታ በጫማ ላይ አዳምጦ የሞት ወረቀት እንደ መስጠት ነው።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው እትም አንድ አጭር ማረሚያ አውጡ፣ ርዕሱን ብቻ ብታስተካክሉም ይበቃኛል። ቦታ ከጠበባችሁ የኔን ደብዳቤ ግማሹን ቁረጡት፣ ሊዮ ፒን ግን አትንኩብኝ። ያቺ አንድ ትኩስ ኮከቧ ጥቂት ሚሊዮን ዓመት ቆይታ ትፈነዳለች። ደመናው ይበተናል፣ ቀዩ ብርሃን ይጠፋል። ያን ጊዜ በቀይ ብርሃን ብቻ የሚፈልጋት ሰው ምንም አያገኝም። 800 ሺህ ፀሐይ የሚመዝነው ጋዝ ግን አብዛኛው እዚያው ነው፣ ቀስ እያለ እየበረደ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከቋሚ አንባቢዎቻችሁ አንዱ